ከሪሴፕሽን ሽሹ ለሚለው ጽሑፍ መልስ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ቤት የምንሠራ ሰዎች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ነው። የተጻፈው ከኮሌጅ ወጥተው ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ሪሴፕሽን ላይ ከቀጠሯችሁ ግቡ፣ ስድስት ወር ሳይሞላችሁ ግን ሌላ ፈልጋችሁ ውጡ ይላል። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ደርድረዋል። ሥራው ሙያ አይጠይቅም፣ ፈገግታና ትንሽ እንግሊዝኛ ይበቃዋል ይላሉ። መልክና ወጣትነት የሚታይበት ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ያለፋትን ማንም አይፈልጋትም ይላሉ። እድገት የለውም፣ ደግሞም ነገ የስልክ መተግበሪያ ይተካዋል ይላሉ። ቱሪስት የራቃት ባሕር ዳርማ ለዚህ ሥራ ጭራሽ ተስፋ የላትም ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደመወዙን ያነሳሉ።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። ለልጆቹ አዝነው እንደጻፉት ያስታውቃል። ግን ጉዳት አድርሷል። እኛ ጋ ልምምድ ላይ ያለች አንዲት ጎበዝ ልጅ ካነበበችው ወዲህ የእንግዳ ስም ለመያዝ መሞከሯን ትታለች። "ለስድስት ወር ምን አደከመኝ?" አለችኝ። እኔ የማታ ሺፍት ገብቼ፣ ናይት ኦዲት (የቀኑን ሂሳብ ሌሊት መዝጋት) ሠርቼ፣ ዛሬ የፍሮንት ኦፊስ (የእንግዳ መቀበያው ክፍል) ሱፐርቫይዘር የሆንኩ ሰው ነኝ። ለእሷና እንደ እሷ ላሉት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሙያ አይጠይቅም የሚለው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሌላው ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ሰዓቱን እንውሰድ። የውጭ አገር እንግዳ ማታ ወደ ዴስኩ ይመጣና ነገ በሰባት ሰዓት አየር ማረፊያ የሚያደርሰው መኪና ይጠይቃል። የእሱ ሰባት ሰዓት የኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ሪሴፕሽኒስቷ እንዳለ ተቀብላ ሾፌሩን "ነገ ሰባት ሰዓት" ካለችው፣ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ነው የሚመጣው። ሥራውን ያወቀች ልጅ የተባለውን ብቻ ይዛ አትሄድም። ትኬቱን ታያለች። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ሾፌሩን "ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ገና ሲነጋ" ብላ ታስደግመዋለች። አውሮፕላን ያመለጠው እንግዳ ዴስኩ ፊት ቆሞ ሲጮህ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥምቀት ጥር 11 ይውላል፤ በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ማለት ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥምቀት በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ነበር የዋለው። ከውጭ እንግዳ የሚልክ ድርጅት በልማድ የቀድሞውን ቀን ይዞ ክፍል ያስይዛል። ከኛ ከተማ ጎንደር ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከተራው ካመለጠ አመለጠ ነው። ቡኪንጉ ሲገባ ቀኑን አይታ "ከተራው በ19፣ በዓሉ በ20 ነው፣ አንድ ሌሊት አሸጋሽጉ" ብላ ኢሜይል የምትልክ ሰው ያስፈልጋል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን በ"13 ወር ፀጋ" ለዓለም አስተዋውቀዋል። ያችን 13ኛ ወር ከእንግዳው ካሌንደር ጋር የማስታረቁ ሥራ ዛሬም የሪሴፕሽን ነው።

ጣናን እንይ። ሁለት እህትማማቾች ሻንጣቸውን እንዳስቀመጡ የጀልባ ዋጋ ይጠይቃሉ። ደሴት ላይ ያለውን ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ማየት ይፈልጋሉ፤ ቅርብ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አንብበውታል። ክብራን ግን ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም አይገባም። ይህን ሳይነገራቸው ከፍለው ቢሄዱ ደሴቱ ዳር ጀልባ ላይ ተቀምጠው መመለስ ነው ዕጣቸው። ያወቀች ሪሴፕሽኒስት ከመክፈላቸው በፊት ትነግራቸዋለች። ቅር እንዳይላቸው ወዲያው ዘጌን ታነሳለች፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንደሚገቡ፣ ሥዕሎቹ እንደሚያስደንቁ፣ ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ በቡና ዛፎች መሐል እንደሚያልፍ ትነግራቸዋለች። ነጠላ ወይም ሻሽ እንዲይዙ፣ ጫማ እንደሚያወልቁ ትጨምራለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት እንዲወጡ ትመክራለች። ሁለቱ እህትማማቾች ሲመለሱ ስሟን ጠይቀው ነው የሚሄዱት።

ጢስ ዓባይም አለ። ፏፏቴው ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ክረምት ሊወጣ ሲል የሚታየውና በበጋ የሚታየው አንድ አይደለም፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫም ስለሚጠለፍ በበጋ ሊሳሳ ይችላል። እንግዳው ስልኩ ላይ ያየው ፎቶ የመስከረም ነው። እሱ የመጣው በመጋቢት ነው። "ዛሬ ውኃው እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ መኪናውን ለማከራየት ስትል "በጣም አሪፍ ነው" የምትል ልጅ አለች። ጠዋት ከጢስ ዓባይ የመጣ ሾፌር ጠይቃ እውነቱን የምትናገርም አለች። የሁለቱ ልዩነት በፈገግታ አይሞላም።

ጸሐፊው ከደመወዙ በቀር በእጃችን ስለሚያልፈው ገንዘብ አንድም ነገር አለማንሳታቸው ገርሞኛል። ሪሴፕሽን ገንዘብ ቤት ነው። 1,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 1,265 ብር ይሆናል፤ ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱም ላይ ነውና። እንግዳው "1,000 ብር አይደል ያላችሁኝ?" ብሎ ሲቆጣ ረጋ ብሎ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ሳያሳፍሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። አንዱ በካሽ ይከፍላል፣ አንዱ በቴሌብር፣ አንዱ በባንክ፣ የአንዱን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍለው። እኩለ ሌሊት ሲሆን ይህ ሁሉ ተመሳክሮ ቀኑ ይዘጋል። ከጎደለ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

የወርክሾፕ ሰሞን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የከበሩ ሰው፣ ጥሩ ሱፍ የለበሱ፣ ዴስኩ ላይ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "እህቴ፣ ደረሰኙ ላይ ሁለት ቀን ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ ለሻይ አላጣሽም።" ይህ በየሆቴሉ ያለ ነገር ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እዚያ ቆማ ምን ትበል? እሺ ካለች ሐሰተኛ ደረሰኝ በእጇ ወጣ፤ አንድ ቀን ኦዲተር ሲመጣ ሰውየው አጠገቧ አይገኙም። ጮክ ብላ እምቢ ካለች ሰው ፊት አዋረደቻቸው፤ ሆቴሉም ደንበኛ አጣ። "ጋሼ፣ ሲስተሙ የሚያወጣው የተከፈለውን ብቻ ነው። ላስታውሶት፣ ቁርስዎ እስከ አራት ሰዓት ነው" ብሎ ወሬውን ማዞር መማር ይቻላል። ግን ጊዜ ይፈጃል። በስድስት ወር የሚገኝ ድፍረት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚህ ነጥብ ልውጣ፤ የሃንድኦቨር መዝገባችን። ሺፍት ሲቀየር የምንጽፍበት ደብተር ነው። ሰው የማያየው ትልቁ ሥራ እዚያ አለ። "የ310 እንግዳ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸው ኩሽና ፍሪጅ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ስማቸው ተጽፎበታል። ሲጠይቁ ቶሎ ይሰጥ።" "203 ሕፃን አለ፤ ቅዳሜ ሰርግ ስላለ ከአዳራሹ ራቅ ያለ ክፍል ይቀየርላቸው።" "የ115 መታጠቢያ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ጥገና ተነግሯል፣ እስኪሠራ እንዳይሸጥ።" እነዚህን ሦስት መስመሮች የጻፈችው ልጅ ስምንት ሰዓት ሙሉ ዓይኗም ጆሮዋም ሥራ ላይ ነበር። ኢንሱሊኑ የት እንዳለ ባይጻፍ በሌሊት ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር አስቡት።

ወደ መልክና ዕድሜ ልሻገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው። "መልከ መልካም" የሚል፣ ቁመት በሴንቲሜትር የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ራሴም ለጥፈው አይቻለሁ። ያሳፍራል። ሴቶቹን ከዴስኩ ጀርባ እንደ ጌጥ የሚያቆም ባለሆቴል አለ። እንግዳ ቁልፍ ሲቀበል እጅ ይዞ የማይለቅ አለ። ሥራ አስኪያጅ "እንግዳ አታስቀይሚ" ብሎ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ይህን ሁሉ አልክድም።

ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው ሽሹ" ማለት ግን ጥፋቱን ለአጥፊው ትቶ ልጅቷን ከሥራዋ ማስወጣት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ እንዳትመደብ ይከለክላል። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ስንት ሪሴፕሽኒስት ይህን ታውቃለች? ማርገዟን ደብቃ የሌሊት ሺፍት የምትገባ ልጅ አውቃለሁ፤ ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ነው። እሷን የሚጠቅማት አንቀጹን ማሳየትና አብሯት ወደ ቢሮ መግባት ነው። ከማታ ሺፍት የሚወጡ ሴቶች በሰርቪስ መኪና ቤታቸው እንዲደርሱ መጠየቅ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያለፋት አትፈለግም የሚለው ግን ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። በየጊዜው የሚመላለስ ነጋዴ፣ በየሩብ ዓመቱ ለግምገማ የሚመጣ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ የሚደውል አስጎብኚ ማንን ነው የሚፈልጉት? የሚያውቋትን። "እሷ አለች ዛሬ?" ብለው ነው የሚጠይቁት። ምን ዓይነት ክፍል እንደሚወዱ ታውቃለች፤ ፎቅ እንደማይወዱ፣ በጾም ቁርሳቸው ምን እንደሆነ፣ ደረሰኛቸው በማን ስም እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ሆቴሉ ቢለቃት እነዚህ ደንበኞች ስልኳን ይዘው ተከትለዋት ይሄዳሉ። ይህ የሚገነባው በዓመታት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ይዛው አትመጣም።

እድገት የለውም ይላሉ። አለው። ሪሴፕሽኒስት፣ ሺፍት ሊደር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ፍሮንት ኦፊስ ማናጀር፣ ከዚያ ሪሴፕሽንንና የክፍል ጽዳትን አንድ ላይ የሚመራው ሩምስ ዲቪዥን ማናጀር፣ ከዚያ ጠቅላላ ሥራ አስኪያጅ። ጎን ለጎን የሚወጣባቸው በሮችም አሉ። ናይት ኦዲት የሠራች ልጅ ወደ ሂሳብ ክፍል ትገባለች። ቡኪንግ የያዘች ወደ ሽያጭ ትሄዳለች። የጀልባውን፣ የሾፌሩን፣ የአስጎብኚውን ስልክ ሁሉ የያዘች ደግሞ አንድ ቀን የራሷን የጉዞ ሥራ ትከፍታለች። በሙያ ትምህርት በኩልም ሥራው ደረጃ ወጥቶለታል፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኖ ከሌቭል ወደ ሌቭል ማደግ ይቻላል። ማደግ ሳይፈልጉ እዚያው ዴስክ ላይ ጌታ መሆንም ይቻላል። በ1929 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የተጀመረ የሆቴል ኮንሲየርዦች፣ ማለትም እንግዳው የሚፈልገውን ሁሉ የሚያስፈጽሙ ሠራተኞች፣ ማኅበር አለ። አባላቱ ኮታቸው ላይ ሁለት የተጣመሩ የወርቅ ቁልፎች ያደርጋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግዱ ኖረው በዚያው የተከበሩ ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊው ቢሉኝ የምቀበላቸው ነገር አለ። ብዙዎቹ የከተማችን ሆቴሎች የቤተሰብ ናቸው። አርባ ክፍል ባለው ሆቴል መሰላሉ አጭር ነው፤ ሥራ አስኪያጁም የባለቤቱ ወንድም ወይም አማች ይሆናል። ያኔ እድገት የሚገኘው ሆቴል በመቀየር ነው። ይህ ደግሞ ሙያውን መልቀቅ አይደለም። ስትወጡ ግን ባዶ እጃችሁን አትውጡ። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብዙ ልጆች በኩርፊያ ጥለው ይወጡና የሦስት ዓመት ልምዳቸው በወረቀት ሳይያዝ ይቀራል። ቀጣዩ ሆቴል እንደ ጀማሪ ይቀጥራቸዋል። ወረቀታችሁ ላይ "ሠራተኛ" ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍም ተከታተሉ፤ "ሪሴፕሽኒስት" ወይም "ሺፍት ሊደር" ይባል።

መተግበሪያ ይተካችኋል ለሚለው ባሕር ዳር ራሷ መልስ ሰጥታለች። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ቡኪንግ የሚገባው በስልክ ጥሪና በሰው በሰው ነበር። ሆቴሉን ያቆየው የሪሴፕሽን መዝገብና የሪሴፕሽኒስቶቹ የስልክ ማውጫ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀንም ቢሆን ሥራው ሰው ይፈልጋል። እንግዳ "ትራንስፈር አድርጌያለሁ" ብሎ ስልኩን ያሳያል። ያሳየው ስክሪንሾት ነው። ስሙ ትክክል ነው፣ መጠኑ ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው። ገንዘቡ ግን አካውንቱ ውስጥ የለም። የተቀናበሩ ስክሪንሾቶች ብዙ ሆቴል አክስረዋል። ልምድ ያላት ልጅ ፎቶውን አይታ አመስግና የግብይት ቁጥሩን ትወስዳለች፣ ከሆቴሉ አካውንት ጋር ታመሳክራለች፣ እስከዚያው ለእንግዳው ቡና ታስመጣለታለች። ሰው ሳይሰደብ፣ ብሩም ሳይጠፋ ጉዳዩ ያልቃል። መተግበሪያ ሥራችንን እንደሚያቀልልን አምናለሁ፤ ፎርም መሙላቱን ይውሰድልን፣ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነጥብ ደረስኩ። ባሕር ዳር ቱሪስት ርቋታል፣ ስለዚህ እዚህ መቆየት ከንቱ ነው ይላሉ።

ርቋታል። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልላችን ችግር ቀጠለ። አልጋዎቻችን ባዶ ያደሩባቸውን ሌሊቶች፣ ደመወዝ የዘገየባቸውን ወራት፣ ያለ ፈቃዳቸው እረፍት የወጡ ጓደኞቼን አውቃለሁ። ይህን ለማሳነስ አልጽፍም። ነገር ግን ጸሐፊው እንግዳ ሲሉ ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ብቻ ነው የታያቸው። ከተማዋ የክልሉ መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪ ሲመረቅ ከየአገሩ ቤተሰብ ይመጣል። ስብሰባ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ነጋዴ አለ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ጎርጎራም ቢሆን ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ነው፤ የጣና ዳርቻ ሰው የሚፈልግበት ቀን አልተዘጋም።

አንዲት እናት አይረሱኝም። ከአዴት በኩል ነው የመጡት። ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቷል፤ የወንድማቸው ልጅ ያስታምመዋል፣ እሳቸውን ግን "ትንሽ ጋደም በዪ" ብሎ ልኳቸዋል። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ዴስኩ ፊት ቆሙ። "ልጄ፣ ቤቱ ስንት ነው?" አሉኝ። ዋጋው ከበዳቸው። ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ፣ ከበሩ መራቅ እንደማይፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ምድር ቤት ለሾፌሮች የምንይዘውን አነስተኛ ክፍል በሾፌር ዋጋ ሰጠኋቸው፤ ይህን ማድረግ እንደምችል የማውቀው ደንቡን ስለማውቀው ነው። መታወቂያቸውን አይቼ ፎርሙን እኔ ሞላሁላቸው፤ እሳቸው በጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ ከብብታቸው ትንሽ ስልክ አወጡና ዴስኩ ላይ አስቀመጡት። "ይቺ ከጮኸች አንቺ አንሺልኝ። እኔ ማንሳቱንም አላውቅበት፣ ደግሞ ፈራለሁ።" ለአስታማሚው ደውዬ የሪሴፕሽኑን ቁጥር ሰጠሁት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ፤ ለልጁ ደም ስለተፈለገ እናትየው እንዲመጡ ፈለገ። ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። "እናቴ፣ ልጅዎ ደህና ነው፤ ደም ፈልገው ነው የጠሩዎት" የሚለውን አስቀድሜ ተናገርኩ። በር ሳይከፈት በፊት ሊሰሙ የሚገባው እሱ ነበርና። የሆቴሉን ሾፌር ቀስቅሼ ላክኋቸው።

ይህ ሥራ በቱሪስት ብዛት ይለካ የሚሉኝን ሰው አልረዳቸውም። በነገራችን ላይ ሪሴፕሽን ሆቴል ውስጥ ብቻም አይደለም። ክሊኒክ በር ላይ የሚቀመጡት፣ ካርድ የሚያወጡት፣ ማን ቀድሞ ይግባ የሚሉት ልጆች ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠሩት። ምጥ የያዛትን ሴት ከተራ በሽተኛ ለይታ በሩን የምታስከፍተው እዚያ ያለችው ልጅ ናት።

የቀረው ደመወዙ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ያንሳል። አዋጁ ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ራሱ አልቆረጠም፤ የደመወዝ ቦርድ ይወስነዋል ብሎ ነው ያለፈው። የቤት ኪራይ ባሕር ዳር ውስጥ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀድሞ የሠራሁበት ሆቴል ውስጥ ደግሞ ተተኪ ስትቀር ድርብ ሺፍት እንሠራ ነበር። ሪሴፕሽን ጥለው የሚሄዱበት ቦታ አይደለም፤ ቁልፉ፣ ካዝናው፣ ስልኩ አለ። አሥራ ስድስት ሰዓት ቆመን "ተጋገዙ" እየተባለ ያለ ክፍያ ያልፍ ነበር። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ቀን ለተሠራ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ጥምቀት ዕለት ትርፍ ሰዓት የሠራች ልጅ የሚገባትን አስሉት።

ልጆች፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። የሃንድኦቨር መዝገቡ ላይም ፊርማችሁ ከነሰዓቱ ይኑር፤ ክርክር ሲመጣ ከሱ የተሻለ ማስረጃ የለም። ብቻችሁን አትግቡ፤ ከሃውስ ኪፒንግም (ከጽዳት ክፍል)፣ ከኩሽናም፣ ከጥበቃም ጋር ሆናችሁ ጠይቁ።

ጸሐፊውንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዕርዎ ይነበባል፤ እኛ ጋ በአንድ ሳምንት ነው የተዳረሰው። ቀጣዩን ጽሑፍ ለባለሆቴሎቹ ይጻፉልን። ከእንግዳው ሂሳብ ላይ የሚወሰደው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ በየወሩ ስንት እንደሆነና ከዚያ ውስጥ ለሠራተኛው ስንት እንደደረሰ ለምን ሰሌዳ ላይ እንደማይለጠፍ ይጠይቁልን። ሂሳቡን የምንዘጋው እኛ ነን፤ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ከፈለጉ ቁጭ ብዬ አሳይዎታለሁ።